ለራስ ምታት የትኛው ምርመራ? የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ ከሌሎቹ አማራጮች ጋር ሲነጻጸር

ራስ ምታት እየተመላለሰ የሚያሠቃየው ሰው አንጎሉ እንዲታይለት ይፈልጋል። ፍላጎቱ ተገቢ ነው። ሕመሙ በዓይን አይታይም፤ በእጅም አይዳሰስም፤ አጠገብ ያለ ሰው እንኳን ልኩን አያውቀውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ የተሰመረ ወይም በፊልም ላይ የወጣ ማስረጃ ማግኘት በራሱ ዕረፍት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ሕዝብ 40 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 3.1 ቢሊዮን ገደማ ሰው፣ የራስ ምታት ችግር ነበረበት። «የትኛውን ምርመራ ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው።

አማራጮቹ ብዙ ናቸው፦ በተለምዶ ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ፣ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ምርመራ፣ የደም ምርመራ፣ እንዲሁም ከሁሉም ርካሽ የሆነው የራስ ምታት ማስታወሻ። አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ተመላልሶ ለሚመጣ ተራ ራስ ምታት ኢኢጂ መልስ አይሰጥም። ለጥቂት ሰዎች ግን ምንም ሌላ ምርመራ የማይተካው ነው። ከባዱ ነገር እነዚህን ጥቂቶች ከብዙኃኑ መለየት ነው፤ ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው በዚህ ላይ ያተኩራል።

ኢኢጂ ምን ያያል?

የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክና በኬሚካል ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ካተን እ.ኤ.አ. በ1875 በእንስሳት አንጎል ላይ የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ መኖሩን አሳየ። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር ደግሞ በየና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1924 የመጀመሪያውን የሰው አንጎል ሞገድ መዘገበ፤ ለማሳተም ግን እስከ 1929 ድረስ ቆየ። ዛሬም የምርመራው መሠረት ያው ነው። ኤሌክትሮድ የሚባሉ ትንንሽ ብረቶች በራስ ቆዳ ላይ በተለኩ ቦታዎች ይለጠፋሉ፤ በሥራቸው ካለው የአንጎል ቅርፊት የሚወጣውን በማይክሮቮልት የሚለካ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ያነሣሉ፤ ማሽኑም አጉልቶ ይስለዋል። ምንም ነገር ወደ ሰውነት አይገባም፤ ጨረር የለውም፤ አያምም።

ነቅቶ ዓይኑን የጨፈነ ጤነኛ አዋቂ በኋላኛው የራስ ክፍል ከ8 እስከ 13 ሄርዝ (በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ምት) የሚሆን፣ አልፋ የሚባል ሞገድ ይታይበታል። ከ4 ሄርዝ በታች ያሉት ዴልታ ሞገዶች በከባድ እንቅልፍ ጊዜ ተገቢ ናቸው፤ በነቃ አዋቂ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ሲታዩ ግን ሐኪሙን ያስቆማሉ። ኢኢጂ ከሁሉ በላይ የተካነው ሾል ያሉ ድንገተኛ ፍንዳታዎችን በመያዝ ነው፤ የሚጥል በሽታ አሻራ የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ታዲያ የራስ ምታት አሻራ ለምን አይታይም? ምክንያቱ የሕመሙ መነሻ ቦታ ነው። የአንጎል ሥጋ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው አንጎልን የሚሸፍነው ስስ ልባስ፣ የደም ሥሮቹ፣ ከፊትና ከግንባር ስሜትን የሚያመጣው ትልቁ የፊት ነርቭና የአንገት ጡንቻዎች ናቸው፤ የሕመሙ መልእክት የሚደራጀውም ከኤሌክትሮዶቹ እጅግ በራቀው የአንጎል ግንድ ውስጥ ነው። የራስ ቆዳ ላይ የተለጠፈ ብረት ይህን ሁሉ አይሰማም።

ማይግሬን በሚባለው ተመላላሽ ብርቱ የራስ ምታት ዓይነት ግን አንድ ነገር በእርግጥ በአንጎል ቅርፊት ላይ ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ1944 ብራዚላዊው ተመራማሪ አሪስቲደስ ሌያዎ በጥንቸል አንጎል ላይ ሲሠራ፣ የሴሎችን እንቅስቃሴ እያጠፋ በዝግታ የሚንሰራፋ ማዕበል አገኘ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ ካርል ላሽሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በራሱ ማይግሬን ወቅት በዓይኑ ፊት የሚሰፋውን ዕውር ቦታ ደጋግሞ እየሣለ ሲያሰላ፣ አንድ ነገር በአንጎሉ የእይታ ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እየተጓዘ ነው ብሎ ነበር። ሁለቱ ግኝቶች መገናኘታቸው ይደንቃል። አንዱ እርሳስና ወረቀት፣ ሌላው ኤሌክትሮድ ይዞ ወደ አንድ ቦታ ደረሱ።

ይሁን እንጂ ይህ ማዕበል በተለመደው ኢኢጂ አይያዝም። እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ ማሽኑ እንደ ላብና እንደ ቆዳ ንቅናቄ ቆጥሮ ያጣራዋል፤ የራስ ቅል ያደበዝዘዋል፤ የአንጎል ቅርፊት እጥፋትም ሞገዱን እርስ በርስ ያጠፋፋዋል። ስለዚህ ማይግሬን ላይ ያለ ሰው እንኳን ንጹሕ ኢኢጂ ሊወጣለት ይችላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰዎች «ኢኢጂው ደህና ነው፤ ምንም የለብህም» ተብለው ሕመማቸው እንደ ሐሰት ስለሚቆጠር ነው። ንጹሕ ኢኢጂ ሕመሙ የለም ማለት አይደለም፤ ማይግሬንንም አያስወግድም።

ልዩነት አለ፤ ግን ለምርመራ አይበቃም

ተመራማሪዎች በራስ ምታት ሕመምተኞች ኢኢጂ ላይ ልዩነት መፈለግ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ጎላና ዊንተር እ.ኤ.አ. በ1959 ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ለሕመምተኞች እያሳዩ ሲመዘግቡ፣ ከ20 ሄርዝ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲበራም የብዙዎቹ አንጎል ከመብራቱ ጋር እኩል እንደሚመታ አዩ። በዚህ ምላሽ ላይ ለረጅም ጊዜ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ከዚያም በኋላ የእይታ ምላሽ ጥናቶች መጡ። ጤነኛ አንጎል ተመሳሳይ ምስል ሲደጋገምበት ምላሹ እየቀነሰ፣ እየለመደ ይሄዳል፤ የማይግሬን ሕመምተኛ አንጎል ግን በሕመሙ መካከል ባሉት ጤናማ ቀናት አይለምድም የሚል ውጤት ከብዙ ላቦራቶሪዎች ተዘገበ። በኋላ መርማሪው የማን መዝገብ እንደሆነ ሳያውቅ በተሠሩ ጥናቶች ግን ልዩነቱ የጠፋባቸው አሉ።

እነዚህ ጥናቶች ዋጋ የላቸውም አልልም። ማይግሬን የአንጎል የስሜት አቀባበል መዛባት እንጂ የነፍስ ድክመት አለመሆኑን ለመረዳት አግዘውናል። ችግሩ የብዙ ሰዎች አማካይ ልዩነት ስለ አንድ ሰው ብይን ለመስጠት አለመብቃቱ ነው። ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል።

ራስ ምታት ያለባቸው 100 ሰዎች አሉ እንበል፤ 50ዎቹ ማይግሬን፣ 50ዎቹ ሌላ ዓይነት ራስ ምታት አለባቸው። አንድ የኢኢጂ ምልክት ከማይግሬን ሕመምተኞቹ 35ቱን፣ ከሌሎቹም 15ቱን «ማይግሬን» ብሎ ቢያወጣ፣ በምርምር ጽሑፍ ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ ግን «ማይግሬን» ከተባሉት 50 ሰዎች 15ቱ በስሕተት ተሰይመዋል፤ ከእውነተኞቹም 15 ሰዎች አምልጠዋል። አሁን ይህን ከሦስት ጥያቄዎች ጋር እናወዳድር፦ ባለፉት 3 ወራት በራስ ምታትዎ ወቅት ያቅለሸልሽዎታል? ብርሃን ይረብሽዎታል? ሕመሙ ቢያንስ ለአንድ ቀን ከሥራ ወይም ከትምህርት አግዶዎታል? እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ከሦስቱ ሁለቱን «አዎ» ማለት ከ100 የማይግሬን ሕመምተኞች 81ዱን ይይዛል፤ ማይግሬን ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ 75ቱን በትክክል ይለያል። ሦስት ጥያቄ በግማሽ ደቂቃ ይጠየቃል፤ ማሽንም ኤሌክትሮድም አያስፈልገውም።

የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው መመሪያ ኢኢጂ ለተለመደ የራስ ምታት ምርመራ አይጠቅምም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሐኪሞችና ሕመምተኞች ሊጠይቋቸው ከሚገቡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ «ለራስ ምታት ኢኢጂ አታድርጉ» የሚለውን አስገባ። ምክንያቱ ማሽኑ መጥፎ በመሆኑ አይደለም። ያልጠየቁትን ጥያቄ ሊመልስ ስለሚችል ነው።

ይህ አደጋ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ፍጹም ጤነኛ በሆኑ አዋቂዎች ላይ፣ ለበረራ ሥራ በተመረመሩ ሰዎች ጥናት እንደታየው፣ ከ200 በአንዱ ገደማ የሚጥል በሽታ የሚመስል ፍንዳታ በኢኢጂ ላይ ይወጣል፤ በልጆች ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ በእንቅልፍ መግቢያ ላይ የሚታዩ ጤናማ ሞገዶችን እንደ በሽታ አድርጎ ማንበብ የታወቀ የስሕተት ምንጭ ነው። ራሴን አመመኝ ብሎ የሄደ ሰው «የሚጥል በሽታ» የሚል ስም ተሸክሞ ቢመለስ፣ መንጃ ፈቃዱ፣ ሥራው፣ ትዳሩ፣ ለዓመታት የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ በዚያ አንድ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። ሰው ላይ ይህን ያህል ሸክም የሚጭን ምርመራ ያለ በቂ ምክንያት መታዘዝ የለበትም።

ኢኢጂ የግድ የሚሆንበት ጊዜ

አሁን ወደ ጥቂቶቹ እንምጣ። ከሁሉም አስቸጋሪው ከራስ ምታቱ በፊት ወይም ጋር በዓይን ፊት ብርሃን የሚታያቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ይህን ሊያመጡ ይችላሉ። አንደኛው ኦውራ የሚባለው የማይግሬን ቅድመ ምልክት ነው፤ ሌላው ከኋላኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣ የሚጥል በሽታ ነው። ሁለቱም ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያስከትሉ ስለሚችሉ አንዱ በሌላው ስም ለዓመታት ሲታከም ይኖራል።

የሚለያቸው ዋናው ነገር ጊዜ ነው። የማይግሬን ኦውራ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ይሰፋል፤ እያንዳንዱ ምልክት ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰባበረ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ነጭና ጥቁር ወይም የሚያብረቀርቅ መስመር ነው፤ ከአንድ ትንሽ ነጥብ ጀምሮ ወደ ዳር እየሰፋ ይጓዛል። የሌያዎን ዝግተኛ ማዕበል ያስታውሳል፤ ዓይን የሚያየው የሱን ጉዞ ነው። የሚጥል በሽታው ብርሃን ግን በሰከንዶች ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ አይበልጥም፤ ቀለም ያለው፣ ክብ ክብ ቅርጽ ያለው፣ ሁልጊዜ በአንድ በኩል የሚታይ፣ በቀን ደጋግሞ የሚመላለስ ሊሆን ይችላል። ዓይን ወይም ራስ ወደ አንድ ጎን ሊዞር፣ ሰውየውም ለአፍታ ሊደነዝዝ ይችላል። ታሪኩ ወደዚህ ሁለተኛው ካጋደለ ኢኢጂ ሳይዘገይ መደረግ አለበት፤ የአንጎል ኤምአርአይም አብሮት ይሄዳል።

ሌሎችም አሉ። ከራስ ምታቱ ጋር ራሱን የሚስት ሰው፣ በተለይም ምላሱን የነከሰ ወይም ሽንቱ ያመለጠው፤ አፍጥጦ ቀርቶ ሲጠሩት የማይመልስ ልጅ፤ እጁ ወይም ፊቱ በአንድ በኩል የሚንቀጠቀጥ ሰው፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ ብቻ ራሱንና ጡንቻውን የሚያመውና ሌሊት ምን እንደሆነ የማያስታውስ ሰው። እነዚህ ሁሉ ኢኢጂ ይገባቸዋል። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት የባሕርይ ለውጥ ወይም ግራ መጋባት የታየበት ሰው ደግሞ በአስቸኳይ ሆስፒታል መግባት አለበት፤ የአንጎል ብግነት ሊሆን ይችላልና። በዚህ ሁኔታ ኢኢጂ የአንጎሉን መዘግየት ያሳያል፤ በሄርፒስ ቫይረስ ምክንያት ከሆነም በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ላይ እየተደጋገሙ የሚወጡ ሞገዶችን ሊያሳይ ይችላል። ሕክምናው ግን ኢኢጂውን አይጠብቅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የሚጥል በሽታ ባለባቸው ሰዎች እንኳን የመጀመሪያው ኢኢጂ ግማሽ ያህሉን ያመልጠዋል፤ ፍንዳታው በዚያች ግማሽ ሰዓት ላይከሰት ይችላልና። ስለዚህ ጠንካራ ጥርጣሬ ካለ ከእንቅልፍ ማጣት በኋላ ወይም በእንቅልፍ ላይ ሆኖ መድገም ይጠቅማል። «መድኃኒቱ ስለረዳው የሚጥል በሽታ ነው» የሚለው ማስረጃም ልክ አይደለም። ቫልፕሮኤትና ቶፒራሜት ሁለቱንም፣ የሚጥል በሽታንም ማይግሬንንም ይከላከላሉ። ደግሞም ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው ያልተለመደ አይደለም።

ማስታወሻው፦ የተናቀው ምርመራ

የዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ምደባ ሦስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቷል። ዋና ዋናዎቹን የራስ ምታት ዓይነቶች የሚለየው በማሽን ውጤት ሳይሆን በታሪክ ነው። ይህ ብዙ ሰዎችን ይገርማል፤ ሆኖም መስፈርቶቹ ጥብቅ ናቸው።

ኦውራ የሌለው ማይግሬን ለመባል ቢያንስ 5 ጊዜ የተከሰተ፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ መሆን አለበት። በአንድ ጎን መሆን፣ ትር ትር እያለ መምታት፣ መካከለኛ ወይም ከባድ መሆን፣ በእንቅስቃሴ መባባስ ከሚሉት አራቱ ሁለቱን ማሟላት አለበት፤ በተጨማሪም ወይ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ አለበለዚያ ብርሃንንና ድምፅን በአንድነት አለመቻል ሊኖር ይገባል። የውጥረት ራስ ምታት ከ30 ደቂቃ እስከ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ በሁለቱም በኩል ጭምቅ የሚያደርግ፣ ቀላል ወይም መካከለኛ ነው፤ ደረጃ መውጣት አያባብሰውም። ክላስተር የሚባለው ደግሞ በአንድ ዓይን ዙሪያ የሚመጣ እጅግ ጽኑ ሕመም ነው፤ ከ15 እስከ 180 ደቂቃ ይቆያል፤ በአብዛኛው በዚያው በኩል ዓይን ያለቅሳል፣ ይቀላል፣ አፍንጫ ይታፈናል፤ ሕመምተኛው ማይግሬን እንዳለበት ሰው በጨለማ ክፍል አይተኛም፤ ይንቆራጠጣል። ሦስቱም የተለያየ ሕክምና አላቸው። የትኛውም ኢኢጂ ሦስቱን እርስ በርስ አይለያቸውም። ማስታወሻ ግን ይለያቸዋል።

ማስታወሻ መያዝ የሚያወጣው ሌላው ነገር በመድኃኒት መብዛት የሚመጣ ራስ ምታት ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን የሚያመው፣ ከ3 ወር በላይ ፓራሲታሞልን ወይም መሰል ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው፣ ወይም ትሪፕታን የሚባለውን የማይግሬን መድኃኒት፣ ኦፒዮይድ የሚባለውን ብርቱ ማስታገሻ ወይም ድብልቅ ማስታገሻ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰደ ሰው፣ ሕመሙን የሚያራዝመው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህን ስካንም ሞገድም አያሳይም። የሚያሳየው የተቆጠረ ቀን ብቻ ነው። ሰው ደግሞ የዋጠውን ኪኒን በትዝታ ሲቆጥር ያሳንሳል።

እንዴት ይያዝ? ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይበቃል። የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት፣ የትኛው ጎን እንደሆነ፣ ከ0 እስከ 10 ምን ያህል እንደሚያም፣ ማቅለሽለሽና ብርሃን አለመቻል መኖሩን፣ ከሕመሙ በፊት የታየውንና ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የተወሰደውን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ የሴቶችን የወር አበባ ቀን፣ የእንቅልፍ ሰዓትን ይጻፉ። ኦውራ ካለ ላሽሊ እንዳደረገው የሚያዩትን በየጥቂት ደቂቃው ይሣሉት፤ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጥ ይናገራል። ራስ የመሳት ወይም የመንቀጥቀጥ ነገር ካለ ደግሞ አጠገብ ያለ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽ። ከኢኢጂው በፊት የነርቭ ሐኪም ማየት የሚፈልገው ያንን ቪዲዮ ነው።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ የሚያዩት ቅርጽን ነው፤ ኢኢጂ ግን የሚያየው ሥራን ነው። ዕጢ፣ የደም መፍሰስ፣ የውኃ መጠራቀም፣ የተዘጋ የደም ሥር የቅርጽ ጉዳዮች ናቸው። ቀድሞ ሲቲ ስካን ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞች ዕጢን በኢኢጂ ሞገድ መዘግየት ይፈልጉ ነበር፤ ዛሬ ለዚያ ዓላማ ኢኢጂ ማዘዝ ጊዜ ማባከን ነው፤ ንጹሕ ኢኢጂ ዕጢ አለመኖሩን አያረጋግጥምና።

ሲቲ ስካን የአስቸኳይ ጊዜ መሣሪያ ነው። በደቂቃዎች ያልቃል፤ ትኩስ ደምን ወዲያው ያሳያል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ፣ በሕይወት ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ድንገተኛ ራስ ምታት የመጣበት ሰው በቶሎ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ በዘመናዊ ማሽን የተነሣና በባለሙያ የተነበበ ሲቲ ስካን በአንጎል ልባስ ሥር የሚፈስ ደምን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ይይዛል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል፤ ያኔ የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ መቅዳት ያስፈልጋል። ጨረሩ 2 ሚሊሲቨርት ያህል ነው፤ ሰው ከተፈጥሮ በአማካይ በዓመት ከሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ፣ በምክንያት፣ አያስፈራም። «ለማረጋገጥ» እየተባለ በየዓመቱ መደጋገሙ ግን ተገቢ አይደለም።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ የሚያሳየውም ጥልቅ ነው፤ አስቸኳይ ባልሆነ ጉዳይ ከሲቲ ይመረጣል። ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጠባብና ጫጫታ ያለበት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ብረት ወይም የልብ መምቻ መሣሪያ ያለበት ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ዋናው ጉድለቱ ብዙ ማየቱ ነው። በሮተርዳም 2000 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ ምንም ምልክት ከሌላቸው ሰዎች መካከል 7.2 በመቶው ሳያውቁት ያለፈ የስትሮክ ጠባሳ፣ 1.8 በመቶው ያበጠ የደም ሥር፣ 1.6 በመቶው ክፉ ያልሆነ ዕጢ ተገኝቶባቸዋል፤ አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነበር። በማይግሬን ሕመምተኞችም ላይ ትንንሽ ነጫጭ ነጠብጣቦች መታየታቸው የተለመደ ነው። ከራስ ምታቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ግኝት ለወራት እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል። ከመመርመርዎ በፊት ሐኪሙን «የማይመለከተው ነገር ቢገኝ ምን እናደርጋለን?» ብለው ይጠይቁ።

ስካን ማድረግ የሚገባው ማን ነው? ድንገት እንደ መብረቅ የጀመረ፤ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ፤ ከራስ ጉዳት በኋላ የተከተለ፤ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ የሚሄድ፤ በሳልና በማጎንበስ የሚነሣ፤ ከእጅ ወይም ከእግር መዛል፣ ከንግግር መዛባት ወይም ከእይታ መቀነስ ጋር የመጣ፤ በእርግዝና ወይም ከወሊድ በኋላ አዲስ የታየ፤ ካንሰር ወይም የመከላከል አቅም መዳከም ባለበት ሰው ላይ የተነሣ ራስ ምታት። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ የነርቭ ምርመራውም ንጹሕ ከሆነና ታሪኩ ማይግሬን ከሆነ፣ ስካን የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው።

በመካከል የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ዓይንን በውስጥ ማየት። ሐኪሙ በትንሽ የእጅ መብራት የዓይንን የኋላ ክፍል ሲያይ የነርቩ ራስ አብጦ ካገኘው፣ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ጨምሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል። ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው ሁሉ ይህ ሊታይለት ይገባል፤ ካልታየልዎ ይጠይቁ።

የህብለ ሰረሰር ፈሳሽና የደም ምርመራ

ስለእነዚህ በአጭሩ። ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለ ማጅራት ገትር ይጠረጠራል፤ ቁርጡን የሚያሳየው ፈሳሹ ነው። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት ጨምሯል ተብሎ ሲጠረጠርም ከስካን በኋላ ይለካል፤ በአዋቂ ከ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው አዲስ ራስ ምታት ይዞት ሲያኝክ መንጋጋው የሚደክም ወይም የሚያም፣ ጆሮ ግንዱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ደግሞ የደም ሥር ብግነትን የሚጠቁሙ ሁለት ቀላል የደም ምርመራዎች፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ በዚያው ቀን መደረግ አለባቸው። ሕክምናው ከዘገየ ዓይን ሊጠፋ ይችላል፤ የጠፋ እይታም አይመለስም።

ስለ አንጎል ካርታና ስለ አዳዲስ ማሽኖች

የኢኢጂን ሞገድ ወደ ባለቀለም ሥዕል የሚለውጡ፣ ኮምፒውተር ተምሮ ማይግሬንን ለየ የሚሉ መሣሪያዎች እየበዙ ነው። ምርምሩ ይቀጥል ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ ለሕመምተኞች ተጨባጭ ምልክት ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ። መሣሪያው የተፈተነው ማይግሬን ያለበትን ከጤነኛ ሰው በመለየት ነው ወይስ ከሌላ ራስ ምታት? ሐኪም ጋ የሚመጣው ሰው ጤነኛ አይደለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ጥቅም የለውም። የተፈተነው ከዚያ በፊት ባላያቸው አዲስ ሰዎች ላይ ነው? ከሁሉም በላይ፣ ውጤቱ «ማይግሬን» ቢል ወይም «አይደለም» ቢል የምወስደው መድኃኒት ይለወጣል? ለሦስተኛው የሚሰጥዎት መልስ «አይለወጥም» ከሆነ ገንዘቡን ለሐኪም ጉብኝት ያውሉት።

ኢኢጂ ከታዘዘልዎ

ሐኪሙ ኢኢጂ ሲያዝ «የምንፈልገው ምንድን ነው?» ይበሉት። «የሚጥል በሽታ መኖሩን ለማየት» የሚል መልስ ከታሪክዎ ጋር ከተስማማ ይቀበሉት። «ራስ ምታቱን ለማወቅ» ብቻ ከሆነ ግን በትሕትና ምክንያቱን እንዲያብራራልዎ ይጠይቁ። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ የሕመሙ ታሪክ በአጭሩ ይጻፍ፤ ያለ ታሪክ የሚነበብ ሞገድ ለስሕተት ይጋለጣል።

አስቀድመው ኢኢጂ ተደርጎልዎ «መጠነኛ መዛባት» የሚል ወረቀት ይዘው ከሆነ፣ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ መዝገቡን ይዘው ኢኢጂ በማንበብ ልምድ ያለው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ራስዎን ስተው ወይም ተንቀጥቅጠው የማያውቁ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ይንገሩት። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ።

ለምርመራው ፀጉርዎን ታጥበው ይሂዱ፤ ቅባት አይቀቡ፤ ኤሌክትሮዱ በቅባት ላይ አይይዝም። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፈው ያቅርቡ። በምርመራው ወቅት በፍጥነትና በጥልቀት እንዲተነፍሱ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትም እንዲያዩ ይደረጋሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ሌሊቱን እንቅልፍ ቀንሰው እንዲመጡ ይታዘዛሉ። ማይግሬን ላለበት ሰው እንቅልፍ ማጣትም መብራቱም ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ ባለሙያውን ከመጀመሩ በፊት ይንገሩት፤ ማስታገሻዎን ይያዙ፤ ራስዎ መኪና አይንዱ፤ ከተቻለም ቤት የሚያደርስዎ ሰው ይዘው ይሂዱ።